ለግብር ይውጣ ያልተሠራ

ቡርስለም ላይ፣ ቦዩ ዳር፣ ጡቡ ጥላሸት የጠጣ፣
አንድ የሳህን ፋብሪካ አለ፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት የወጣ።
የዶሪን ኮልክላፍ ነው፤ ከአባቷ የወረሰችው
አሥራ ዘጠኝ ሠራተኛ፣ ሁለት እቶን፣ አንድ የማይዘጋ መስኮት ነው።
እኔ ከላይ ቤት ነኝ፣ መዝገብ ያዥ፤ ማሞቂያው ጎኔን እየላሰኝ፣
የገባ የወጣውን ስጽፍ ሃያ ሁለት ክረምት ደረሰኝ።

ዶሪን እርሳስ የሌለበት ቀይ ቅብ አማራት፤
ሕፃን ቢልሰው የማይጎዳ፣ ከእሳት ሲወጣ የሚያበራ እንደ መብራት።
መጽሐፍ ጠየቅን፤ የለም። የማንቸስተር ሊቅ ጠየቅን፤ «ይሞከር» አለ።
የሚያውቀው እሳቱ ነበር፤ ለእሳት ደግሞ ምላስ እንጂ አፍ የት አለ?

መጀመሪያው ቡና መስሎ ወጣ፤ አራተኛው አረፋ ደፈቀ፤
ሰባተኛው እንደ በጋ መሬት ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጠቀ።
አሥራ አንደኛው ቀይ ነበር፤ ሌሊት ብቻውን «ቅጭል» ብሎ ነቃ፤
እኛም አብረነው ነቃን፤ ዶሪን ግን አላለችም በቃ።

እቶን ጠባቂው ክላይቭ ማችን፣ ቃል እንደ ስኳር የሚቆጥብ፣
በጠመኔ ከግድግዳው ይጽፍ ነበር፤ ዲግሪና ሰዓት፣ የዱቄቱን ልክ፣ ከነስሕተቱ፤
«አልሆነም»፣ «አልሆነም»፣ «ትንሽ ቀረው»፣
«አልሆነም»፤ ደግሞ እንደ ጥንቱ።
በእኔ መዝገብም ቀይ ወጣ፤
ከሳህኑ ቀድሞ።

አንድ ደላላ ደውሎ «ሁሉም ይመለሳል» ሲል ነበር፤
«የጣሪያው ጥገናም ምርምር ነው» ሲላት፣ ዶሪን ስልኩን ዘጋች፣ ሳትናገር።
ኋላ ከሎንግተን ራክሳና መጣች፣ የግብር ነገር የምታውቅ፣
ጫማዋን የሸክላ አቧራ ቢያለብሰው የማትሳቀቅ።

«የሠራችሁትን አልጠይቅም፤ ያላወቃችሁት ምን ነበር?
ሌላም አዋቂ የማያውቀው? እሱን ንገሩኝ፣ በቁም ነገር።»
ዝም አልን። ሃያ ሁለት ዓመት የታወቀውን ስጽፍ ኖሬ፣
ያላወቁት ዋጋ አለው ሲባል መስማቴ ነው፣ ገና ዛሬ።

«መንግሥት» አለች «ለፈለጋችሁበት ወጪ ጥቂቱን ይጋራችኋል፤
ካተረፋችሁ ግብሩን ይቀንሳል፤ ከከሰራችሁ ጥሬ ገንዘብ ይልክላችኋል።
የክላይቭ ደሞዝ ይቆጠራል፣ የእቶኑ መብራት፣ በሙከራ ያለቀው ዱቄት፤
አበባ የምትስለዋ ልጅ ግን የለችበትም፤ ውበት ሌላ፣ ዕውቀት ሌላ ቤት።
ገበያ የወጣው አይገባም፤ የተሸጠው ራሱን ችሏል፤
የተሰበረውን አሳዩኝ፤ እሱ ስለ እናንተ ብዙ ብሏል።»

ወደ እቶኑ ወረድን። ክላይቭ ኮፍያውን አወለቀ፤
«እኔ እሳት ጠባቂ ነኝ እንጂ፤ ምርምር የነጭ ካፖርት ነው» አለ።
ራክሳና በጣቷ «አልሆነም»ን ቆጠረች።
አርባ ሦስት።
«ይኸው» አለች፣ «ይህ ነው።»

ያ ግድግዳ በሚቀጥለው ሰኞ ኖራ ሊቀባ ቀጠሮ ነበረው።

ግብር ሰብሳቢው ደብዳቤ ጻፈ፤ «ይህ ቀለም መለወጥ ብቻ አይደለም ወይ?»
እኔም ሦስት ማታ አምሽቼ፤ «እንዲያ ቢሆን፣ ጌታዬ፣
ክላይቭ ማችን የሚያህል ሰው አርባ ሦስት ጊዜ ይሳሳታል ወይ?
ለግብር ይውጣ የተሠራ ሥራ በዚህች ጠረጴዛ ብዙ አይቻለሁ፤
ይህ ለግብር ይውጣ አልተሠራም፤ ለዚህ ነው ለግብር የወጣው፤ በፊርማዬ እመሰክራለሁ።»

ገንዘቡ በጭጋጉ ወር ገባ፣ ካሰብነው ጎደል ብሎ፤
ግማሹን ባንኩ ዋጠው፣ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ ውሎ።
የቀረው አንድ ሙቀት መለኪያ ገዛ፤ የክላይቭን ደሞዝ እስከ ፋሲካ።
መስኮቱ አሁንም አይዘጋም።

አርባ አራተኛው ትናንት ወጣ። ዶሪን በጓንት አንሥታ ወደ ብርሃን ያዘችው፤
ቀይ ነው። ማንም አልጮኸም። ቅጭልታው ሌሊት ነው የሚሰማው።
ክላይቭ በርጩማ ላይ ነው፣ ጠመኔው በእጁ፣ ጆሮው ወደ መደርደሪያው፤
እኔም አዲስ ገጽ ገለጥኩ፤ ከላይ «ያላወቅነው» ብዬ ጻፍኩ፤
ከሥሩ ገና ባዶ ነው።