ቦንድ ወስጃለሁ

በዳምባርተን፣ በክላይድ ወንዝ ዳርቻ፣
ቦንድ ማለት መጋዘን ነው፤ መጋዘን ብቻ።
አንዱ ቁልፍ ከጌታው ነው፣ አንዱ ከቀረጥ ሹሙ፤
ውስኪው ቀረጡን ይጠብቃል፣ በርሜሎች በጨለማ እየከረሙ።
ማንም ሳይከፍተው ይጎድላል፤ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል።
ሌሊት ሌሊት ዝይ ይጠብቀዋል፤
ውሻ በአጥንት ይደለላል፣ ዝይ ግን ይጮኻል።

እናቴ ሴንጋ ከጠርሙሶቹ መሃል
ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ለጠፈች፤ እጇ ሙጫ ሙጫ ይላል።
«ወዴት ነሽ?» ሲሏት «ቦንድ» ትላለች፣
የካፖርቷን ቁልፍ እየቆለፈች።

አባቴ ዱጋልድ ግንበኛ ነው፤ ለእሱ ቃሉ ሌላ፦
ቦንድ ማለት ጡብ ከጡብ የሚተሳሰርበት መላ።
«ኤልስፐት፣ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ አናት ከወጣ፣
ግንብ አልሠራሽም፤ ስንጥቅ ነው ያቆምሽው፣ ቀኑን የሚጠብቅ ጣጣ።
አልፎ አልፎ አንዱን ጡብ ወደ ውስጥ አጋድሚው፤
ራሱ ብቻ ይታያል፣ ሁለቱን ገጽ ግን እሱ ነው የሚይዘው።»
ስድስት ዓመቴ ነበር። ማንኪያውን አቀብለው ነበር።
የጓሮውን አጥር ጨርሰን ሳይደርቅ፣ መርከብ መሥሪያው ተዘጋ፤
ደርባን ግንበኛ ትፈልጋለች አሉ። እዚያ ሲከርም፣ እዚህ ሲነጋ፣
«አንድ ዓመት ብቻ» ብሎ ነበር፤ «ቃሌ ቦንዴ ነው» ብሎ።

በሁለተኛው ገና ደብዳቤ መጣ፦
«ደህና ነኝ። ሙቀቱ ያስጨንቃል። ቦንድ ወስጃለሁ፣ ለባሕሩ ቅርብ።»
እናቴ ሳቀች። ለጎረቤታችን ለሚስስ ማክኮል አነበበችላት፦
«ጉድ እኮ ነው፤ እዚያም ውስኪ አለ! ከግንብ ወደ መጋዘን ገባ።»
«እዚያስ ዝይ ይጠብቀዋል ወይ?» ብለሽ ጻፊ አለችኝ።
ጻፍኩ።
መልስ የለም።

ኋላ ግላስጎ፣ ጠበቃ ቤት፣ ጸሐፊ ሆንኩ፤
የሰው ውል፣ የሰው ዋስትና፣ የሰው ዕዳ እየተየብኩ።
አንድ ዝናባም ማክሰኞ ከደቡብ አፍሪካ የውርስ ፋይል ገባ፤
«ቤቱ ቦንድ አለበት» ይላል፣ «በሃያ ዓመት የሚከፈል።»
ለካ በእነሱ አፍ ቦንድ፣ ቤት አስይዞ መበደር ኖሯል።
ጣቴ ታይፑ ላይ ቀረ።
ለአንድ ዓመት የሄደ ሰው የሃያ ዓመት ዕዳ አይገባም።
ብቻውን የሚኖር ሰው ለባሕር ቅርብ ቤት አይገዛም።
ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። የምነግራት በየትኛው ቋንቋ ነው?
ቃሉ አንድ፣ ፊደሉ አንድ።

ባለፈው መጋቢት ሞተች።
መሳቢያዋ ውስጥ የአንድ ፓውንድ የመንግሥት ቦንድ አገኘሁ፣
ወለድ የሌለው፣ በየወሩ ዕጣ የሚጣልለት፣ አንዴም ያልወጣለት።
በእሱ የተጠቀለለው ያ ደብዳቤ ነው።
ከ«ቦንድ ወስጃለሁ» ጎን፣ በእርሳስ፣ በእሷ እጅ፦
64 + 20 = 84።
ከሥሩ ሁለቴ የተሰመረ።

በሰማንያ አራት፣ ትዝ ይለኛል፣ የአጥሩን በር አረንጓዴ ቀባችው።
ለምን ስላት፣ «ዝጎ ነበር» አለችኝ።

ዛሬ ቤቱን ለሻጭ ላስረክብ መጥቼ
አጥሩን በመዳፌ ዳበስኩት። ሙጫው፣ ስሚንቶው፣ ሁሉም ይዟል።
ራሳቸው ብቻ የሚታየውን ጡቦች ቆጠርኩ፤
አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ
ከወንዙ ማዶ ዝዮቹ ጮኹ።