ሰባት ፍሬ

ቀለሁ ተወልውሎ ሃምሳው ተሰልፏል፣
ባሩዱ በጣሳው አፉን ዘግቶ አርፏል፤
የጎደለው አረሩ ነው፣ ጫፉ ላይ የሚሰካው፣
ያለሱ ይህ ሁሉ ናስ መጫወቻ ነው፣ ልጅ የሚነካው።
ሰባት ፍሬ ቀረኝ።
ማታ ማታ መብራት ስር ደርድሬ እቆጥራለሁ፣
ስምንት ሆነው እንደሁ ደግሜ አያለሁ።

ሰኞ ኩህሞ ወረድኩ፣ ከራይኖ ሱቅ በር፣
መደርደሪያው ባዶ፣ ዋጋው ብቻ ነበር።
«ለሚመጣው ወር» አለኝ ችግሩን ሲያወሳ፣
ይህንኑ ያለኝ ገና በረዶው ሳይነሳ።
አረር ልገዛ ሄጄ ካልሲ ይዤ መመለስ!
ታይሚ ብትኖር ኖሮ ትስቅ ነበር እስክታለቅስ።

ጎረቤቴ ኦይቫ አልጋው ስር ደብቋል፣
ሦስት ሙሉ ፓኮ እንዳለው መንደሩ ያውቃል።
«የለኝም» ይለኛል ዐይኑን ወደ ምድጃው አዙሮ፣
የታይሚን ሳጥን በገመድ ያወረደው ሰው ነው፣ ከኔ ጋር አብሮ።
አልፈርድበትም እኔ። የእህቱ ልጅ መጥቶ፣
«አንድ ብቻ ስጠኝ» ሲለኝ አንገቱን ደፍቶ፣
«ሁለት ናት ያለችኝ» አልኩት፣ ሰባቱ ኪሴ ውስጥ ሲንኳኳ፤
እጥረት የማያወጣው ስስት የለም ለካ።

ድሮ ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ነበር የምተኩሰው፣
አንዱን ሌላው እያረመው፣ የሳትኩትን ሳላስበው።
አሁን ባዶ ጠመንጃ ትከሻዬ ላይ አስደግፌ፣
ግድግዳው ላይ ምስማር አልማለሁ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አርፌ።
ምላጩን ስስበው «ቀጭ»።
ደግሞ «ቀጭ»።
ድመቷ ለምዳዋለች።

ታይሚ በየተኩሱ ሁሉን ትጽፍ ነበር፣
ቀኑን፣ ርቀቱን፣ የሳትነውን ሳይቀር።
በእርሳስ ነው የጻፈችው፣ ስለ እርሳስ በእርሳስ፦
«አንተ ወደ ግራ ሳትክ። እኔ መሃል። አታሳብ በነፋስ።»
ሦስት ዓመት ሞልቷታልና፣ ሰው «እርሳ» ነው የሚለው፤
እንዴት ብዬ ልርሳ? ያጣሁት'ኮ እርሳስ ነው።

ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ነገር ገባኝ፤
የሳትኩት ሁሉ የት ሄደ? ማን ወሰደብኝ?
ከኢላማው ጀርባ ያ የአሸዋ ቁልል፣
ሠላሳ ዓመት እርሳስ ሲውጥ ኖሯል፣ አንድ ቀን «በቃኝ» ሳይል።
አካፋ፣ አሮጌ ባልዲ፣ የድንች ወንፊት ይዤ፣
ሦስት ቀን ቆፈርኩት፣ በጉልበቴ ሄጄ፣ ላቤን በረዶ አግዤ።
ወጣ። እንደ ማስቲካ የታኘከ፣ እንደ እንጉዳይ የፈነዳ፣
አንዱ ጠጠር አቅፎ፣ አንዱ ጥድ ሥር ገብቶ እንደ እንግዳ።
ባልዲው ሞላ። የሷ የቱ ነው? የኔስ የቱ?
አልለየሁም። የሳተም ያገኘም አሸዋ ነው ቤቱ።

ከደጅ፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥቼ፣ ድስት ጥጄ፣
ቆሻሻው ሲንሳፈፍ በማንኪያ ቀድቼ አስወግጄ፣
ከስሩ መስተዋት ወጣ፣ ሰማይ የሚታይበት።
ስህተቴ ሁሉ እዚያ ነበር። አላፈርኩበት።
አርባ ሁለት ፍሬ፤ ጥቂቱ የተንጋደደ፣
ለአጋዘን አይሆንም፤ ለቅዳሜ ግን ወደድኩት፣ እሱም ወደደ።

አስሩን ለእህቱ ልጅ ሰደድኩ፣ በራይኖ ካልሲ ቋጥሬ፤
በማግስቱ ያው ካልሲ ደጃፌ ተንጠልጥሏል፣ ውስጡ የኦይቫ ሦስት ፍሬ፣
የፋብሪካ፣ አዲስ፣ የሚያበራ።
ወረቀት የለውም። ስሙንም አልጠራ።

በመጸው ጭጋግ ውስጥ ቀንዳሙ ብቅ አለ፣
ከረግረጉ ማዶ፣ ግማሽ ጎኑ በጥድ እንደተከለለ።
ድሮ ቢሆን እተኩስ ነበር፤ ቢስት ሌላው አለልኝ።
አሁን ጣቴ ምላጩ ላይ ቆመች፤ ልቤም ጠበቀልኝ።
አንድ እርምጃ ቢወጣ...
አልወጣም። ዞረ። ጭጋጉ ዋጠው።
ቆሜ ቀረሁ፣ ጉልበቴ እየበረደው።

ቤት ገብቼ ሰባቱን ከሦስቱ ጋር ደረደርኩ፣
ደብተሩን ገለጥኩ፣ ከሷ የመጨረሻ መስመር ስር በእርሳስ ጻፍኩ፦
«ቅዳሜ። ጭጋግ። አስር ፍሬ።
አልተኮስኩም።
ነፋስ አልነበረም።»