አዎ ያልሁበት መንገድ

ውርጩ ገና ሳይነሳ፣ ጦሳ ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ቆሞ፣
ቧንቧ ውሃ መታጠፊያው ላይ አገኘሁት ቀድሞ፤
ሙዘይንን፣ ከነዲቲው። የግብርና ቢሮ
በጨረታ ሲሸጣት የገዛት ተበድሮ።
ቀይ ቀለም ቢደርብባትም የድሮው ጽሕፈቷ አልጠፋም ሁሉም፤
"ግብር" ይላል ከጎኗ፣ "ና" የምትለዋ የለም።

"ውጣ!" አለኝ። ወጣሁ።
ቆሎ በኪሴ፣ ቤንዚን በሃይላንድ በጉያዬ፣
የእሱ ጀርባ ከፊቴ፣ የደሴ ጭስ ከኋላዬ።

ሞተር ላይ ወሬ ማለት እንዲህ ነው፦
እሱ አንገቱን ዘወር አርጎ ይናገራል፣
ነፋስ ከእኔ ቀድሞ ይቀበለዋል፣
ገሚሱን ለራሱ ያስቀራል፣
የተረፈውን ጆሮዬ ላይ ይበትናል።
"...የወንድሜ ዕዳ..." "...ልሽ..." "...በጥር..."
ቦሩ ሜዳ ገብሱ ታጭዶ ክምር በክምር፣
ሣሩ ጫፍ ላይ ውርጩ የተበተነ ጨው ሲመስል፣
ከንፈሬ በብርድ ከጥርሴ አልላቀቅ ሲል፣
"አዎ!" አልሁት።
ደግሞ የሆነ ነገር አለ።
"አዎ!"

ኩታበር ሻይ ልንጠጣ ከግንብ ስናስጠጋት፣
አንድ ሽማግሌ መጡና ጎኗን በጣት ዳሰሷት፤
"ግ... ብ... ር" አሉ። ፊታቸው ተለወጠ።
"ልጆቼ፣ የዘንድሮውን ከፍለናል፣
ደረሰኙም ቤቴ ተቀምጧል!"
ሙዘይን በሳቅ ሻዩን ደፋው፤
"አብሽሩ አባቴ" ቢላቸው ማን ያምናል?
እሳቸው ደረሰኝ ሊያመጡ ዳገቱን ጀምረውታል።
ሮጠን፣ በስንት መሐላ፣ ከመንገድ መለስናቸው፤
የሻዩን ሒሳብ ግን እምቢ ብለው የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሐሳቡ ያልጸና ሰው ነው፦
ወደ ግራ ይሄድና "አይ" ብሎ ይመለሳል፣
ጠጠሩ ከጎማው ሥር ያፈተልካል፣
ከታች በሽሎ፣ ከሴት ወገብ ወድቆ የተረሳ መቀነት ይመስላል።

ሙዘይን ሞተሯን አጠፋት።
"ቤንዚን ለመመለሻ" አለኝ። ይሄኛውን ሰማሁት።
እሷ ዝም ስትል
የአገሩ ድምፅ ሁሉ ከተቀመጠበት ብድግ አለ፦
የጎማው ሽርታ፣ የሰንሰለቱ ትክትክታ፣
ማዶ ገደል ላይ የጭላዳ ጫጫታ፣
እንጨት የሚፈልጥ አንድ ሰው፣ ከአፋፉ በላይ፣
ድምፁ ዘግይቶ የሚደርስ፣ መጥረቢያው ወርዶ ሳይ።
ፍሬኑ ሲሲሲ እያለ፣ በየእጥፋቱ እየቆምን
እኔ ሹራቤን፣ እሱ ካፖርቱን እያወለቅን፣
ደጋን በጓንት ለቅቀን፣ ቆላን በሸሚዝ ደረስን።

በሽሎ ዳር፣ እግራችንን ከውሃው ነክረን፣
ቆሎውን ከመሐረብ ላይ እኩል ተካፍለን፣
ነፋስ በሌለበት፣ ቃል በማይባክንበት
ሙዘይን ምንም አላለም።
ተነሥቶ በሸሚዙ እጅጌ ወለወላት፤
መስተዋቷን፣ ሰልባትዮዋን፣ የተላጠ ጎኗን።
ብዙ ወለወላት።
"ለመመለሻ አቧራ ሞልቶ፣ ምን አለፋህ?" ብዬ ሳቅሁ።
እሱም ሳቀ፤ ትንሽ ዘግይቶ፣
እንደ እንጨት ፈላጩ ድምፅ።

ሽቅቡ ሌላ ነው። ዲቲዋ አቃሰተች፣ ተንተባተበች፣
ሦስተኛው እጥፋት ላይ "በቃኝ" ብላ ቆመች።
እሱ መሪዋን ይዞ፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣
"በርታ!" ሲለኝ "አዎ!" እያልሁ፣
ማታ፣ ከቦሩ ሜዳ ወዲህ፣ የደሴን መብራት አየሁ።

ጥር ሲገባ ቤቱ ብሄድ
ከግንቡ ሥር የዘይት ጠብታ ብቻ ነበረ።
"የት አለች?"
"ሸጥኋት" አለኝ። "ጠይቄህ የለም እንዴ? ቦሩ ሜዳ ላይ።
ወንድሜን ከዕዳ ላውጣው፣ ልሽጣት ወይ? አልሁህ፤
አዎ አልኸኝ። ሁለቴ።"
"ነፋሱ ነው" ልለው አፌ ላይ ደረሰ።
ዋጥሁት። መሐረቤ ጥግ የቀረች ቆሎ ነበረች፣
ሰጠሁት፤ ቆረጠማት።

የእሑዱን ማለዳ ተኝቼ ላሳልፍ አስቤ፣
ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ ስቤ፣
ስልኬ ጮኸ።
እሱ ነው። ሰላምታም የለ፣ ወዴት እንደሆነ አልነገረኝ፤
በእግር መሆኑን ግን ከትንፋሹ ዐወቅሁ።
አንዲት ፊደል ብቻ፣ ከዚያች ጎን የጎደለችዋን፦

"ና።"