ኩሬው የደረቀ ለት

ኩሬውን አፍስሰው፣ ለጥገና ብለው፣
ቤተ መቅደሱ ዛሬ መስታወትም የለው።
ወለሉ ላይ ሳንቲም፣ የጠርሙስ ክዳን፣
አንድ እግር ጫማ፣ የሕፃን።
ማድሪድ ግን ግድ የላት፤ ሣሩ ላይ ተኝታ
የሱፍ ፍሬ ትቀረጥፋለች፣ እስኪመጣ ማታ፤
ጀምበር በግብፁ ደጅ መሐል ስትወርድ ልታይ፣
ስልኳን ደግና ወደ ሰማይ።

ዶን ኤውሴቢዮ መጣ፣ ከዘራው ቀድሞት፣
ለመዝጊያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሰዓት።
በረኛዋ ሬሜዲዮስ ታውቀዋለች፤ አስገባችው፣
እኔንም ከኋላው።

በጎረምሳነቱ፣ ቫሌንሲያ ወደብ ላይ፣
ሣጥን ያወርድ ነበር፣ ሣጥኑ ውስጥ ድንጋይ፣
ድንጋዩ ጎን ላይ ቁጥር ተጽፎበት።
«ሁለት መቶ ስድስት» አንድ ጣቱን በላበት።

ከዚያ ወዲህ ይፈልገዋል። ግንቡን በዓይኑ ለቅሞ
በአራት ጣት ይዳስሳል፣ ጥግ ጥጉን ቆሞ።
«መንካት ክልክል ነው» ይላል ጽሑፉ። ሬሜዲዮስ ዞረች፤
ጀምበሯን አየች።

አፌ ላይ መጣብኝ ያገሬ ተረት፣
«አባይ ማደሪያ የለው…» ስፓኝኛው ጠፋኝ፤ ተውኩት።
ግንዱ ግን ይኸው አድሯል፣ ኮረብታ ላይ፣ ወንዝ በሌለበት፣
በሰው አገር ሌሊት።

«ምናልባት» አለ ሽማግሌው፣ «ፊቱን አዙሮ ነው፤
ቁጥሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጨለማው።»
እንደ ተጣላ ወዳጅ፣ ግንቡን መታ መታ አርጎ
ወጣ፣ እጁን ኪሱ ሸሽጎ።

በሩ ተቆለፈ። ሣሩ ላይ ቀረ የሱፍ ገለባ።
አንድ ውሻ ዘሎ ደረቁ ኩሬ ገባ፤
ወለሉን አሸተተ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፤
ጌታው ቢያፏጭለትም፣ ደረቁን ላሰ።