ጥላ ሻጯ

ቃሉ ከደሴ መጣ፣ ላስቲክ ላይ ታትሞ፣ ተጠቅልሎ፣
«ኢንተርፕረነር» ይላል፣ ባቲ አዳራሽ በር ተሰቅሎ፤
አራት ሜትር ይሆናል፣ ሰማያዊ ነው መደቡ፣
ዓይን ይገባል ቀለሙ፣ ምላስ ያስራል ማንበቡ።

አሠልጣኙ ላቡን ጠርጎ፣ «ሥራ ፈጣሪ ማለት ነው» ቢለው፣
አባ ሙሔ ከኋላ ወንበር፣ ከዘራቸውን ተክለው፣
«ፈጣሪስ አንድ አላህ ነው፤ ሌላ ቃል ፈልግና በለው!»

እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ብዕሬን እየነከስኩ፣
«ፈጣሪ»ን ፍቄ «ጀማሪ»፣ «ጀማሪ»ን ፍቄ «ደፋር» አልኩ፤
«ደፋር» ስድብ መሰለኝ፤ እሱንም መልሼ ሰረዝኩ።

ቅጽ መሙላት ሆነ ኋላ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣
ሉባባ ይመር ቀረበች፣ ከጥጉ ወንበር ተነሥታ።
«ፈት» ብዬ ጻፍኩ። «ሥራሽስ?» ዝም ስትል፣ ከዚያው መስመር ጫፍ
«ሥራ ፈት» ልል ስጀምር፣ ጣቷ ወረቀቴ ላይ ዐረፍ፤
«ባሌን ነው የፈታሁት፤ ሥራን ፈታች ብለህ አትጻፍ።
ጥላ እሸጣለሁ፣ ሰኞ ሰኞ።»

ሳቁ ጣሪያውን ነካ። እሷ አልሳቀችም።

«ፍየሌን ልሸጥ መጥቼ፣ ጃንጥላ ይዤ ብቆም፣
ሦስት ሰው ሥሬ ገባ፤ ፍየሏን የጠየቀኝ የለም።
ከዚያ ወዲያ አራት እንጨት፣ የስኳር ጆንያ ሰፍቼ፣
ከአፋር ግመል ሲነዳ ላደረ፣ ማልጄ ዘርግቼ፣
አምስት ብር ነው እስከ ዙህር።
ለነፍሰ ጡር በነጻ ነው፤ ለደላላ ግን እጥፍ፣
ደላላ ከገባ አይወጣም፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ሲለፈልፍ።»

ሥልጠናው አለቀ። ሻይ ተጠጣ፤ አበል ተፈረመ።
አሠልጣኙ በመጣበት ሄደ፤ ቃሉ በሩ ላይ ከረመ።
ሉባባ አንድ ማለዳ መጥታ፣ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች፤
«ዝናብ ያሳልፋል ይሄ?» አለች።
«ምነው?»
«ተሰቅሎ ከሚውል ብዬ።»

ሰኞ ግመል ተራ ወረድኩ። በአራት እንጨት ተወጥሯል፣
ፀሐይ ላስቲኩን ዘልቃ፣ ፊደሉ ሰው ላይ ፈሷል፤
«ኢን» ከጨው ነጋዴው ጉልበት፣ «ነር» ከተኛች ሕፃን ግንባር፣
«ፕረ» ከአባ ሙሔ ጥምጣም ላይ፣ ያለ አንዳች ክርክር።
አምስት ብሬን ከፍዬ ገባሁ።
የቅጹ ቦታ ዛሬም ባዶ ነው።

«ተነሡ» አለች ሉባባ፣ «ጥላው ሊሄድብን ነው።»
እንጨቷን ነቀለች፤
እኛም ቃሉን ተከትለን
ፈቀቅ አልን።