ከሳሙናው ጎን

አቶ ቦንሳ ሆቴል ሠራ፣ አዳማ ላይ፣ ባለ አራት ፎቅ፤
«መምህር» አለኝ፣ «አንድ ገጽ ጻፍ፣ ሀገራችንን የሚያሳውቅ።
ቆዳ ስፋት፣ ተራራ፣ ወንዝ፣ ታሪኩንም ቆንጠር አርገህ፤
ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ አስለብጬ
ከሳሙናው ጎን ላኑርልህ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው፣ ምን ይቸግረኛል?
ቁጭ አልኩ። ወረቀቱ ግን አገጩን ደግፎ ያየኛል።

«ሀገራችን በምሥራቅ አፍሪካ...» ብዬ ጀመርኩ፤ ሰረዝኩት።
ይህን እንግዳው አውሮፕላን ላይ አንብቦታል፤ ተውኩት።

እንግዳዬ፣ ተነሥ፤ መስኮቱን ክፈተው።
ከኮረብታው ጫፍ ያንን ነጭ ምሰሶ፣ ሦስት ክንፉን የሚያዞረው፣
በየዓይናችን አሸዋ ሲዘራ የኖረው
የአዳማ ንፋስ ነው፤
በስተርጅና ሥራ ይዞ ያንተን አምፖል የሚያበራው።

ወለሉን እርገጠው። ከሥሩ ስምጥ ሸለቆ ነው፤
ምድር እንደ ተኳረፈ የባልና ሚስት አልጋ
መሃሏ ተከፍቶ ወዲያና ወዲህ የምትሸሽበት።
ጥፍርህ ከሚያድገው ባነሰ ነው የምትሰፋው፤
ቁርስህን ተረጋግተህ ብላበት።

አዋሽንም እወቀው። ከደጋ ይወርዳል፣ ቆቃ ላይ ይገደባል፣
የወንጂን ሸንኮራ አጠጥቶ ወደ አፋር ይገባል።
እንደ ሌላው ወንዝ ግን ባሕር አይደርስም፤
በረሃ ውስጥ፣ አንድ የጨው ሐይቅ ዘንድ፣
ቤቱ እንደ ጠፋበት ሰው ቁጭ ይላል።

ታሪክ ላይ ስደርስ እጄን አደናቀፈው።
ሰባተኛ ቢ ግድግዳ ላይ የጨርቅ ካርታ ነበረን፤
ቀይ ባሕር በሰማያዊ፣ በልጆች ጣት ብዛት የነጣ።
አንድ መስከረም ላይ አዲስ ካርታ መጣ።
የድሮውን ጠቅልዬ፣ ዕቃ ቤት፣
ከተሰበሩት ወንበሮች ጋር አቆምኩት፤
አዲሱን ሰቀልኩት።
ሌሊሴ ጉርሜሳ፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ እጇን አወጣች፦
«ቲቸር፣ ባሕሩ የት ሄደ?»
ደወሉ አዳነኝ።
ዛሬ ነርስ ናት። ደም ግፊቴን ስትለካ
ክንዴን እንደያዘች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።
ስለ ባሕር አናነሣም።
ግፊቴ ግን ያኔ ከፍ ይላል።

ይሄ ለእንግዳ አይጻፍም።
አልሰረዝኩትም።

ወደ መንገዱ ልመለስ፦ መናኸሪያ ረዳቱ «ናዝሬት! ናዝሬት!» ቢልህ፣
ታፔላው «አዳማ» ቢልህ፣
አትወዛገብ፤ ሁለቱም እዚሁ ነው የሚያወርዱህ።
«አዳሚ» ቁልቋል ነው ይላሉ፤
ቁልቋል ደግሞ ስም ቢለዋወጥለትም እሾሁን አይጥልም።

አሮጌው ባቡር ጣቢያ ሐዲዱ ላይ ፍየል ታመሰኳለች፤
ትኬት አትጠይቃት። አዲሱ ባቡር ከከተማ ውጭ ይቆማል፤
ለባጃጁ ሳትሳፈር ተነጋገር፣
ከተስማማችሁ በኋላ ስለ ልጆቹ ጠይቀው።

«ሦስት ሰዓት» ብለው ከቀጠሩህ ከንጋት ጀምረህ ቁጠር።
ወራችን አሥራ ሦስት ነው፣ አሥራ ሦስተኛዋ ደሞዝ የላትም፤
በጳጉሜ ካገኘኸኝ ሻዩን ጋባዥ አንተ ነህ።
ሶደሬ ስትዋኝ ጫማህን ለጦጣ አደራ አትስጥ።
ምግብ ቤት ሁለት ሰው ተናንቆ ብታይ
አትገላግል፤ «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» ነው፤
ያሸነፈው ወሩ ሳያልቅ ከተሸነፈው ይበደራል።

አቶ ቦንሳ ከንፈሩን እያነቃነቀ አነበበው።
ጦጣዋ ላይ ሳቀ።
ሌሊሴ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱን አሳረፈ፤
ቆየ።
«ቆዳ ስፋቱስ?» አለኝ።
«በየትኛው ካርታ?» አልኩት።

ልጁ ከውስጥ ተጣራ፦
«አባዬ፣ የላስቲኩ ማሽን ጋለ፤
ልክተተው ወይስ ላጥፋው?»