ግራ የገባው ዳዶ

ፖርትማዶግ ላይ ዝናብ ሲጥል ፈቃድ አይጠይቅም፤
ቆርቆሮ ሲደበድብ የማንንም አይሰማም።
ኔስታ የጋራዡን በር በትከሻዋ ገፋች፤
«ያቻትና» አለች፣ ጨርቁን ገልጣ፣ «ሰባት ዓመት ተኛች።
ሐሙስ ገዢ ይመጣል፤ ፍሬኗን እይልኝ፤
አታለለችኝ ብሎ ሰው እንዳይረግመኝ።»

አረንጓዴ ናት፤ ዝቅ ያለች፤ ወንበሯ ሁለት ብቻ፤
ጎማዋን የሚይዘው አንድ ዳዶ፣ የማይሻ መፍቻ፣
እንደ ጥንቸል ሁለት ጆሮ መሐል ላይ አውጥቶ፣
ራጂውን ሁሉ ሰብስቦ ከሞዞው ጋር አጋብቶ።
መዶሻ ነው ቋንቋው፤ መዳብ፣ ለስላሳ ራስ፣
ብረቱን ሳይልጠው ከውስጡ የሚደርስ።

ሦስቱ ተፈቱልኝ ገና ሻይ ሳይፈላ።
አራተኛው እምቢ። የግራው፣ የኋላ።

ዘይት አጠጣሁት፤ ሌሊቱን አደረ።
በእሳት አባበልሁት፤ ቀለሙ አረረ።
የባሉጥ እንጨት በጆሮው ልክ ቀርጬ፣
ከቧንቧው ጫፍ ላይ እንደ ሕፃን ተቀምጬ፣
ስልሳ መድረሴን፣ ወገቤን የረሳሁ፣
ፍሬን አሲዤ ወደ ግራ ገፋሁ።
ምንም።
ኢድዋል፣ ግራይንደሩን በገመዱ አንጠልጥሎ፣
«ቁረጠው» አለኝ፣ «ሟች አይቆጣም» ብሎ።

ኔስታ ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣ ታያለች።
«ኤምሪስ እሑድ እሑድ…» ጀምራ አቆመች።
አልጠየቅኋትም። ቆየችና፣ ራሷ፦
«ከባሕሩ ዳር ስንመለስ፣ ማታ ማታ፣
ኮቱን ሳያወልቅ ነው መዶሻ የሚያነሣ።
ሦስት ለያንዳንዱ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት።
ከኔ ወንበር በታች ላለው ግን ሰባት።
ወጥ ቤት ሆኜ ስቆጥር፣ ድንቹን እየላጥሁ፣
በምን አስቀየምሁት እያልሁ አሰብሁ።
አርባ ዓመት ጠበቅሁት፣ ይነግረኛል ስል፤
እጁን ታጥቦ ይመጣል፣ ‹ጨው አቀብዪኝ› ሊል።»

ባትሪ አበራሁበት። ከጆሮው ሥር፣ ከጎድጓዳው፣
«ፍታ» የሚል ጽሑፍ፣ ፍላጻም ነበረው
እያንዳንዱ ዳዶ። እዚህኛው ላይ የለም።
በምት ብዛት ጠፍቶ? አውራ ጣቴን ላክሁ። አይደለም፤
የሞረድ ጥርስ ነው፤ በእጅ፣ በትዕግሥት፣
ተማሪ በምራቁ እንደሚፍቅ ስሕተት።

ለቀኝ የተሠራ ሞዞ፣ ከውራጅ ብረት መሐል፣
በርካሽ አግኝቶ ይሆናል፣ ግራው ላይ ሰክቶታል።
ጥርሱ ተገላቢጦሽ፤ መኪናዋ በሮጠች ቁጥር
ዳዶው ይላላ ነበር፣ ጥቂት፣ ጥቂት፣ በየኪሎ ሜትር፤
እሷ ሻሿን ነፋስ ሲገልጠው፣ ስትስቅ ከጎኑ፣
ከሳቋ በታች ያለውን ጎማ ሲያዳምጥ ዘመኑ
አለቀ።

እኔስ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ነበር ድካሜ?
ማጥበቅ ነው ለካ ሥራዬ፣ በሙሉ አቅሜ።

እንጨቱን ገለበጥሁት። ወደ ቀኝ። አንድ ምት።
ጧ! እጅጌዬን ሞላው የደረቀ ዝገት።

«ስስት ነው!» አለ ኢድዋል፣ «ለአሥር ፓውንድ ሳስቶ
ሚስቱን በላላ ጎማ አርባ ዓመት ነድቶ!»
ኔስታ ዳዶውን አቀፈች፤ ግራሶው ቀሚሷን ነካ።
«ስስት ነው» አለች እሷም፣ ሌላ ቃል ሳትተካ።

ሐሙስ ገዢው መጣ። አዲስ ሞዞ ገብቷል፤
ዳዶው ፍላጻ አለው፤ ግራው ግራ ሆኗል።
ነገሩን ነገርሁት፤ ሳቀ፤ ብሩን ቆጠረ።
«አሮጌውስ ዳዶ?» አለ፣ ዙሪያውን ቃኝቶ።
«ጠፋ» አለች ኔስታ። የሹራቧ ኪስ፣ የግራው፣
ወርዷል እስከ ጉልበቷ፣ በክብደት ተጎትቶ።